ክራኮው ላላችሁ፦ ወላጆቻችሁን ዴምብኖ የምትወስድላችሁ አስጎብኚ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ፖላንድ ለምትኖሩ፣ በተለይ ቤተሰብ ከአገር ቤት መጥቶ «የት ልውሰዳቸው?» ብላችሁ ለምትጨነቁ ነው።

እናቴ ሆሳዕና ያደገች ካቶሊክ ናት። የክራኮው ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ደስ ብለዋታል። ግን ግፊያው አያስቀምጥም፤ ረጋ ብላ መጸለይ አልቻለችም። መጀመሪያ የያዝነው አስጎብኚ ድርጅት ደግሞ «ቶሎ ቶሎ» እያለ አደከማት። ይህን ያየ አንድ ወዳጄ የዚህችን አስጎብኚ ስልክ ሰጠኝ። እግዜር ይስጠው።

ዴምብኖ ከክራኮው በስተደቡብ፣ ከኖቪ ታርግ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር መንደር ነው። የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው፤ ሁለመናው እንጨት። የተሠራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ የደወል ማማው የተጨመረለት በ1601 እ.ኤ.አ. ነው። ግድግዳው ግንድ በግንድ ላይ ተጋድሞ፣ ማዕዘኑ ላይ ተቆላልፎ የቆመ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ከሌሎች አምስት የደቡብ ፖላንድ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

አስጎብኚያችን ወዲያው አላስገባችንም። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጣሪያ ያለው የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ እናቴን እዚያ አሳርፋ ውሃ ሰጠቻት። ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች፣ አጠፈችው፣ በትንሽ መቀስ የአበባ ቅርጽ ቆረጠችበት። ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ አድርጋ በክፍተቱ እርሳስ አሻሸችበት። አበባው ታተመ። «ውስጡ በሙሉ የተሳለው እንዲህ ነው» አለች። እኔ ሳልተረጉምላት እናቴ ገባት!

ስንገባ መጀመሪያ ጨለማ ነው። ዓይናችን እስኪለምድ ዝም ብላ ጠበቀችን። ከዚያ ጣሪያው ቀስ በቀስ መታየት ጀመረ። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ... አበባ፣ ሐረግ፣ የአደን ትዕይንት፣ መደዳውን የተደረደረ ጌጥ። የተለያዩት ቅርጾች 77 ናቸው ይባላል። የተቀቡት 1500 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው፤ ቀለሙ ግን ዛሬም ያበራል። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ብዙ ቆየችና «የነጠላ ጥለት ይመስላል» አለች። በእውነት ይመስላል።

ዋናው መንበር ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ በአንድ በኩል ቅዱስ ሚካኤል፣ በሌላው ቅድስት ካተሪና አሉ። ከመቅደሱ መግቢያ በላይ በተጋደመው ግንድ ላይ ያለው ስቅለት ደግሞ ከሕንፃው ራሱ በዕድሜ ይበልጣል፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አስጎብኚያችን ይህን የነገረችን ጥያቄ ጠይቃ ነው፤ «ዕቃው ከቤቱ እንዴት ሊበልጥ ቻለ?» ብላ። ለካ አሁን ካለው በፊትም እዚያ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ከዚያ የተረፈ ቅድስት አግነስና ቅድስት ካተሪና ያሉበት በጣውላ ላይ የተሳለ ጥንታዊ ሥዕልም አለ፤ እሱ አሁን ክራኮው ሙዚየም ውስጥ ነው የሚገኘው።

እኔን የገረመኝ ግን ትንሿ የእንጨት መሣሪያ ናት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራች፣ በቅዳሴ ጊዜ እንደ ደወል የምታገለግል። እያንዳንዷ እንጨት የየራሷ ድምፅ አላት። ያለ አስጎብኚ ብንሄድ ኖሮ ዝም ብለን እናልፋት ነበር።

ይህች ሴት ብዙ ታውቃለች፤ ግን እውቀቷን አታወርድብህም። እናቴ መቁጠሪያዋን ስታወጣ ማብራሪያዋን አቋርጣ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። እኔም ለማስተርጎም ስጠጋ በእጇ «ተዋት» አለችኝ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለእሷ የሥራ ቦታ ነው፤ ለእናቴ ግን የጸሎት ቤት መሆኑን አልዘነጋችም። ሥራ ያክብራት።

ዋጋዋን ቀድማ ተናግራ ነው የተነሳችው፤ በኋላ አንድም ሳንቲም አልጨመረችም። መኪናው ንጹህ ነው፣ አነዳዷም የተረጋጋ። እንግሊዝኛዋ ቀለል ያለ ስለሆነ ለማስተርጎም አያስቸግርም።

የምትሄዱ ከሆነ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ይቀደስበታል፤ ስለዚህ ለጎብኚ የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ አጣሩ። ውስጥ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። በበጋም ቢሆን ለትልልቅ ሰዎች ሹራብ ያዙ። ስልኳን በአደባባይ መጻፍ ደስ አላለኝም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለችና እልክላችኋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለምትያዝ ቀደም ብላችሁ ደውሉላት።