ቱርቦ ከመቀየራችሁ በፊት ይቺን ስካነር ሞክሯት

ናፍጣ መኪናችሁ ዳገት ላይ አልጎትት ካለ፣ ጥቁር ጭስም ከበዛበት፣ ለቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ለሚያስገባው ክፍል) ብር ከማውጣታችሁ በፊት የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነበዋን፣ ኢኤልኤም 327 የምትባለዋን የብሉቱዝ ስካነር ግዙ። የክብሪት ቀፎ የምታክል ናት። ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ ከዚያ በአንድሮይድ ስልክ ቶርክ የሚባለውን አፕ ከፍቶ ማንበብ ነው። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኮፒ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

የእኔ መኪና ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ ክፍል) ያለው ሃይሉክስ ዲ-4ዲ ነው። የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ አልችል አለ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ግን አልበራም። አንድ ጋራዥ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ትንሽ አስጮኹና «ቱርቦው ሞቷል፣ ይቀየር» አሉኝ። ምንም ሳይለኩ! ይሄ በጣም ያናድዳል፣ ለባለመኪናው የቱርቦ ወጪ ቀላል አይደለማ።

ስካነሯ ላይ የምታዩት የማኒፎልድ ግፊት የሚለውን፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ስታበሩ የአካባቢውን የአየር ግፊት ያሳያል፤ አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ዩቲዩብ ላይ 100 ሲሉ ሰምታችሁ ሴንሰሩ ተበላሽቷል እንዳትሉ፣ እሱ የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው፣ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ቀጥሎ ዳገት ላይ ሙሉ ነዳጅ እየሰጣችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ያንብብላችሁ። የእኔ ከ100 አላልፍ አለ።

ይሄ ቁጥር ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ግፊቱ እየወጣ ጉልበት ከሌለ ፊታችሁን ወደ ናፍጣ ፊልትሮና ኢንጄክተር አዙሩ። ግፊቱ ካልወጣ ግን አየሩ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፣ ወይ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይ ቱርቦውን የሚያዘው ክፍል ተይዟል፤ ቱርቦው ራሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠረጠረው። የእኔ ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር የሚሄደው የጎማ ቱቦ ነበር። ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቋል። ሞተሩ ሲቆም ስንጥቁ ይገጥምና አይታይም፣ በእጅ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ነው የሚከፈተው፣ ዙሪያው በዘይትና በጥላሸት ተለውሷል። ቱቦውን ሶማሌ ተራ አግኝቼ ቀየርኩ። በዚያው ዳገት 175 ወጣ፣ ዳገት ላይ ይሰማ የነበረው ፉጨትም ጠፋ።

ስካነሯ ሁሉን አትችልም ደግሞ። ስንጥቁ የት እንዳለ አትነግራችሁም፣ የቱርቦው ዘንግ ወደ ጎን መወላወሉንም በእጅ ነው የምታዩት። ፒ 0299 የሚል ኮድ ብትሰጥ እንኳ ግፊት አነሰ ማለቷ ነው እንጂ ቱርቦ ቀይሩ ማለቷ አይደለም። ቆየት ያሉ መኪኖች ላይ ሶኬቱ እያለም ላትገናኝ ትችላለች፣ ስለዚህ ሱቁ በር ላይ ሞክራችሁ ክፈሉ። አይፎን የያዛችሁ የዋይፋዩን ዓይነት ጠይቁ። መኪናው ሲያድር ደግሞ ንቀሏት፣ ባትሪ ትጨርሳለች።