ለእትዬ ምስጋና፣ ለትምህርት ቤቶች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ዛሬ የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። መንዝ ውስጥ ገበያው ዳር፣ በአንዲት የስፌት መኪና የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ናቸው።

ታናሽ እህቴ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ከገጠር ወጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች። ስንቅ በየሳምንቱ ይሄድላታል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። የቤት ኪራዩን እኔ ከደብረ ብርሃን እልካለሁ። ሞዴስ መግዣ የሚባል ነገር ግን በማናችንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሳታስበው መጣባትና ጉርዷ ላይ ታየ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ ሦስት አራት ቀን መቅረት ሆነ። ለኛ የሚነገረን "ሆዷን አሟት ነው"።

እውነቱን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። እህቴ የጉርዷን የኋላ ጨርቅ እንዲቀይሩላት ወስዳላቸው ነበር። አይተው ምንም አልጠየቋትም፤ በማግስቱ ከጉርዱ ጋር ሁለት የሚታጠብ ሞዴስ ሰፍተው ሰጧት። እኔን ሲያገኙኝ ግን አልማሩኝም። "ልጄ፣ ስንቅ ትልካለህ፣ ለዚህስ ምን ላክህ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ተነስተው ትምህርት ቤቱ ሄዱ። የሴቶች ክበቡን የምትመራውን መምህርት አነጋገሩ፣ ጨርቅ ከነጋዴዎች ለመኑ፣ ማታ ማታ ሰፉ። አሁን በክበቡ ክፍል አንድ ቁም ሳጥን አለ። ሞዴስ፣ ሳሙና፣ መቀየሪያ ጉርድ ይቀመጥበታል። ቁልፉ በልጆቹ እጅ ነው። "የወሰደች ትፈርም" ያለ ሰው ነበር፤ መምህርቷ እንቢ አለች፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ነፃ ነው ተብሎ ፈርሚ ከተባለች የምታፍር ልጅ ቀርታ ቤቷ ትተኛለች።

ስለ ሥራቸው ልንገራችሁ። ከላይ ፋኔላ ነው፣ ከታች ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ። ክንፎቹ በፓንቱ ስር ዞረው በቁልፍ ይያያዛሉ። መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ መሐሉም ወፍራም ፎጣ ተሰፍቶበት። ልጆቹ አጥበው ፀሐይ ላይ ማስጣት አፈሩ፤ ፍራሽ ስር ይደብቁታል፣ በመንዝ ብርድና ጉም ደግሞ በሁለት ቀንም አይደርቅም። እርጥቡን ማድረግ ማሳከክና ሌላም ጣጣ ያመጣል። እትዬ ይሄን ሲሰሙ ሁሉንም ፈትተው እንደ አዲስ ሰፉት። አሁን ላዩ ጠቆር ያለ አበባማ ጨርቅ ነው። የመሐሉ ፎጣ ይወጣል፣ ሲዘረጋ ተራ መሐረብ ነው፤ ገመድ ላይ ቢሰጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ቶሎም ይደርቃል።

እርግጥ ሞዴስ በነፃ ማቅረብ በሌላ አገር የመንግሥት ሥራ ሆኗል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለመንግሥት ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች በነፃ እንዲሰጥ በሕግ ደነገገች፣ ስኮትላንድ ደግሞ በ2020 ለሚያስፈልጋት ሁሉ በነፃ እንዲሆን ሕግ አወጣች። በኛም አገር መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ የሚታጠበውን በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ ስለ እሳቸው በሬዲዮ ሰምተው "እኔስ መኪና አለኝ አይደል?" ነው ያሉት። ሕግም ፋብሪካም አልጠበቁም።

በዞናችን ያላችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴዎች፣ በውጭም ሆናችሁ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት መርዳት የምትፈልጉ፣ እሳቸውን አሠሩ። ለትምህርት ቤት ከሆነ የእጅ ዋጋ አይቀበሉም፣ የጨርቁን ብቻ ነው። ፋኔላውን ከደብረ ብርሃን ገዝታችሁ ብትሄዱ ይረክስላችኋል፤ ሳይሰፋ በፊት ይታጠብ፣ አለበለዚያ ኋላ ይሰበሰባል። በገበያ ቀን አትሂዱባቸው። ቢያንስ ከወር በፊት ንገሯቸው፣ ብቻቸውን ናቸው።

እህቴ ዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል ናት። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አንዱን የያዘችው እሷ ናት፣ ይሄን እንድጽፍም የፈቀደችልኝ እሷው ናት።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቤቱ ውስጥ ሥራ ፈትታ የቆመች የስፌት መኪና ያለችው ሰው ካለም ይንገረኝ፣ ጭኜ እዚያ ድረስ የማደርሳት እኔ ነኝ።