ባለ 52 ሲሲው ወይስ የ381 ቅጂው? ባሕር ዳር ላይ የሞተር መጋዝ ለሚገዛ

ርካሽ የሞተር መጋዝ ሲፈለግ የሚቀርበው ባብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ጎኑ ላይ 5200 ወይም 5800 የተጻፈበት ቀላሉ ማሽን ነው፤ እዚህ 52ቱ እንለዋለን። ሌላው የሽቲል 381 የቻይና ቅጂ፣ ባለ 72 ሲሲው። ሻጭ «ትንሽ ከተነካካ እኩል ይሠራል» ሊላችሁ ይችላል። እኩል አይሠራም። ትንሹ ሲነካካ በግልጽ ይሻሻላል፤ ትልቁን ግን ለማሻሻል ከመሮጥ በፊት ፈትሾ ማረም ይቀድማል።

የተጻፈውን ሲሲ (የሲሊንደሩን ይዘት) ራሳችሁ አረጋግጡ። 5800 የተባለው የሲሊንደር ስፋቱ ብዙ ጊዜ 45.2 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ስፋት 58 ሲሲ እንዲሞላ ፒስተኑ 36 ሚሊ ሜትር መመላለስ አለበት። ካንዴላውን አውጥታችሁ ቀጭን እንጨት አስገቡና ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ዲስክ) በእጅ እያዞራችሁ ጉዞውን ለኩ። 33 ወይም 34 ከመጣ የገዛችሁት ከ53 እስከ 55 ሲሲ ነው። የ381 ቅጂ ስፋቱ 52፣ ጉዞው 34 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 72ቱ እውነት ነው፤ ግን ያለ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) 6.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቀኑን ሙሉ ቅርንጫፍ ለሚመለምል ሰው ትከሻ አይራራም።

ሁለቱንም እኩል የሚነካው ከፍታችን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። 52ቱ እንደ 42፣ 72ቱ እንደ 58 ሆነው ይሠራሉ ማለት ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር ደግሞ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ይጨሳል፣ ካንዴላው ጠቁሮ ይረጥባል፣ እንጨት ሲነካ ይታፈናል። መካኒኮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ሲለኩም ይህን ይረሳሉ፦ መመሪያው 150 ፒኤስአይ የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 120 ገደማ ያሳያል። በዚህ ምክንያት ብቻ ፋሻ (የፒስተኑን ዙሪያ የሚይዘውን ቀለበት) ቀይሩ ቢሏችሁ እምቢ በሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ በካቻቢቴ የሚሠራ ነው። ማጣሪያውን አጽዱ፣ ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሙቁ። ካርቡሬተሩ ላይ ኤል (ለዝቅተኛ ፍጥነት) እና ኤች (ለከፍተኛ ፍጥነት) የሚሉትን የቤንዚን ማስተካከያ ብሎኖች ሳታስጨንቁ እስከ መጨረሻ አጥብቁና አንድ አንድ ዙር መልሱ። በኤል ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ የሚልበትን ነጥብ ፈልጉ፣ ከዚያ አንድ ስምንተኛ ዙር አላሉት። ሰንሰለቱ በሚኒሞ የሚዞር ከሆነ የሚኒሞውን ብሎን ቀንሱ። ኤችን የምታስተካክሉት በጆሮ ነው፤ ባዶውን ለአፍታ ሙሉ ነዳጅ ስትሰጡት ድምፁ መንተባተብ አለበት፣ ግንድ ውስጥ ሲገባ ይጠራል። ባዶውን እየሠራ ጥርት ብሎ ከጮኸ ቤንዚን አንሶታል፤ ወዲያው አላሉት። እዚህ የተስተካከለውን መጋዝ ወደ መተማ ይዞ የሚወርድ ሰው እንደገና ካላላላው ፒስተኑን ይበላዋል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፣ የሚደርሰው ቤንዚን ግን የባሕር ዳሩ ልክ ነው።

52ቱ ላይ ቀጥሎ የሚያዋጣው በፒስተኑ አናትና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ስታኞ (ለስላሳ የመበየጃ ሽቦ) በካንዴላው ቀዳዳ አስገብታችሁ፣ ጫፉን በፒስተኑ ፒን አቅጣጫ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ገፍታችሁ፣ ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙሩና የተጨፈለቀውን በካሊበር ለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ማግኘት የተለመደ ነው። የሲሊንደሩ ጋርኒሲዮን (ከሥሩ የሚገባው ስስ ማሸጊያ) 0.5 ከሆነና ስታኞው 1.1 ካሳየ፣ ጋርኒሲዮኑን አውጥቶ ቤንዚንና ሙቀት የሚችል ማጣበቂያ በስሱ ቀብቶ መግጠም 0.6 ላይ ያደርሰዋል። ከ0.5 በታች የሚወርድ ከሆነ ተዉት፤ ሲሞቅ ፒስተኑ አናቱን ሊመታ ይችላል።

ማርሚታውም (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) መውጫው ጠባብ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የጭስ መውጫ ስፋት ለክታችሁ፣ የማርሚታውን ቀዳዳ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ ብታሰፉ ልዩነቱ ይሰማችኋል። የብረት ብናኙን አራግፉ። የእሳት መከላከያዋን ወንፊት መልሳችሁ ግጠሙ፤ በጥርና በየካቲት የደረቀ ሣር ላይ፣ ይልቁንም እንደ ዘጌ ባለ የቆየ ደን አጠገብ፣ ያለ እሷ መሥራት ነውር ነው። ከሰፋ በኋላ ኤችን አንድ ስምንተኛ ማላላት ግዴታ ነው።

52ቱን የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ የአየር ማፍሰስ ነው። ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን የሚያገናኘው ፕላስቲክ ብሎኖቹ በንዝረት ይላላሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ የነዳጅ መስጫውን ስትለቁት ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ መጋዙን ስታጋድሉትም ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል። ብሎኖቹን አውጥታችሁ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ቀብታችሁ መልሱ፣ ጠንካራውን የቤንዚን ጎማም ቀይሩት።

ቅጂው ላይ ደግሞ ገና ሳይነሳ ማርሚታውን ፍቱ። በሲሊንደሩ የጭስ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ጥጥ አሻሹ፤ ጥጡን የሚይዝ ጠርዝ ፋሻውንም ይይዘዋል፣ ይሰብረዋልም። እንዲህ ያለውን አትግዙ፣ ወይም የሲሊንደሩን ጠርዝ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት የሚያለዝብ እጁ የለመደ መካኒክ ፈልጉ። የፒስተን ፒን መያዣ ቀለበቶቹ ደካማ ስለሆኑ በዋናው ዓይነት አስቀይሯቸው፤ አንዱ ከወጣ ሲሊንደሩን ይቆርጠዋል። የዋናው መለዋወጫ ባብዛኛው ስለሚገጥመው እዚህ ላይ መቆጠብ ከንቱ ነው። ማርሚታውን ለማስፋት ግን አትቸኩሉ፤ አቅም አያንሰውም።

ሥራችሁ የባሕር ዛፍ አጣና፣ ማገርና ማገዶ ከሆነ፣ ግንዱም ከ30 ሴንቲ ሜትር ካላለፈ፣ 52ቱን ግዙ። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሸጠውን የ20 ወይም 22 ኢንች ባር ግን በ16 ወይም በ18 ለውጡ፤ ከማንኛውም ሞተር መነካካት በላይ እሱ ያቀለዋል። ጣውላ የምትሰነጥቁ ከሆነ 72ቱ ብቻ ነው የሚያዋጣው። መሰንጠቅ ለደቂቃዎች ሙሉ ነዳጅ ይፈልጋል፣ 52ቱ በዚያ ሙቀት አይዘልቅም።

ሞረድም ከማሽኑ ጋር ነው የሚገዛው፦ ለ52ቱ የ.325 ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለቅጂው የ3/8 ሰንሰለት 5.2። ለአዲስ ሞተር በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ ቲ (የባለ ሁለት ምት ሞተር) ዘይት አድርጉ። ለባለ አራት ምት ባጃጅ የሚገባው ዘይት እዚህ አይሆንም፤ በደንብ ስለማይቃጠል የጭስ መውጫውን በጥላሸት ይደፍነዋል።