ሱሉልታ መንገድ ላይ ያለችው ስጋ ቤት፣ ሸክላ ጥብሷና ቴፗ

ቅዳሜ ለት ከእማዬና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሄደን የበላንበትን ቤት ልንገራችሁ። ስሟን አትጠይቁኝ፣ በሩ ላይ ራሱ «ስጋ ቤትና ምግብ ቤት» ነው ሚለው፣ ሌላ ስም የላትም። ከአዲሱ ገበያ ተነስታችሁ ዳገቱን ትጨርሳላችሁ፣ ባህር ዛፉ ያልቅና ሜዳው ይገለጣል፣ ሱሉልታ ከተማ ልትገቡ ስትሉ ድርቆሽ ሚከመርበት ሰፊ ግቢ አለ፣ ከሱ ቀጥላ ናት። ጃኬት ያዙ ቀልድ አይደለም፣ ቦታው 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሯጮቹ እዛ ሚለማመዱት በከንቱ አይደለም። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰውዬ እዛች በረንዳ ላይ ተቀምጦ መሆን አለበት።

በስጋው ልጀምር። ሜኑ ምናምን የለም፣ ገብታችሁ ከተሰቀለው ላይ ታሳያላችሁ፣ ቆራጩ ይመዝናል፣ ጥሬ ወይ ጥብስ ትላላችሁ አለቀ። እኛ ጎድን ከትንሽ ጮማ ጋር አንድ ኪሎ በሸክላ አልን፣ ወንድሜ ደግሞ ቁርጥ ካልበላሁ ብሎ ሩብ ኪሎ ለብቻው አስቆረጠ። ጥብሱ ከስሩ ፍም ይዞ ነው ሚመጣው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ይንጫጫል፣ ዳር ዳሩ ጠቆር ብሏል ውስጡ ግን አልደረቀም፣ ሽንኩርቱን አላበዙትም (በሽንኩርት ኪሎ ሚሞሉትን ቤቶች መቼም ታውቋቸዋላችሁ)። አዋዜው ቀጠነብኝ፣ ሚጥሚጣው ይሻላል። ሰናፍጩ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ እማዬ አይኗን ስትጠርግ ነበር፣ ሰናፍጩ ነው ብላናለች እኛም ሰናፍጩ ነው ብለናል።

እንጀራው የትናንት ነው፣ ዳሩ ደርቋል። ስንናገር አስተናጋጇ «ውይ ይቅርታ» ብላ ወስዳ ቀየረችው፣ የተቀየረውም የትናንት ነው ሃሃ። እርጎው ግን ሌላ ነገር ነው፣ የሱሉልታ ወተት ድሮም ስም አለው፣ ማንኪያ ሚያቆም እርጎ ነው ያመጡልን።

አሁን ለምን እዛ ድረስ እንደሄድን ልናገር፣ ምክንያቱም ለጥብስ ብቻ ቢሆን ሰፈራችንም አለ።

ቤቷ የአባዬ ቤት ናት። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ጎጃም መስመር፣ ጭኖ ሲመለስ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት መጨረሻ ሚቆመው እዛች ጋ ነው። እኔም ትምህርት ሲዘጋ አንዳንዴ ጋቢና አስቀምጦ ይዞኝ ይሄድ ስለነበር ከሰባት ስምንት አመቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ያኔ በረንዳው ቆርቆሮ ብቻ ነበር፣ አሁን ሴራሚክ ሆኗል። ያልተቀየረው ባንኮኒው ላይ ያለው ቴፕ ነው። ካሴት ሚጫወት ቴፕ በዚህ ዘመን! ባለቤቱ ሁለት ካርቶን ሙሉ ካሴት አለው፣ ድሮ ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ ምትፈልጉትን ዘፈን በወረቀት ጽፋችሁ በባዶ ካሴት ምታስቀዱት አይነት፣ ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ደብዝዟል። አንዱ ላይ የአባዬን እጅ ጽሁፍ አየሁት። «ምርጥ ምርጥ ቁ. 4» ይላል። ቁጥር 1፣ 2፣ 3 የት እንዳሉ እግዜር ይወቅ።

አባዬ ሁሌ ሲገባ «በሸክላ ነው» ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሁሌ «ጥብሱን ነው ዘፈኑን?» ይለዋል። ሃያ አመት ሙሉ ያቺኑ ቀልድ! ዘፈኑን ሲል የድሮውን የዘፈን ሸክላ፣ በመርፌ ሚጫወተውን ክብ ዲስክ ማለቱ ነው፣ ለአባዬ ትልቁ ታሪክ ደግሞ እሱ ነው፣ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተፈቅዶ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ ሚባል ወጣት ይታሰር ይሆናል እየተባለ እኤአ በ1969 በራሱ ስም ማሳተም መጀመሩን ስንት ጊዜ እንደነገረን አልቆጠርኩትም። «ያ ልጅ ባይደፍር ኖሮ ዛሬ ምን ልትሰሚ ነበር?» ይለኛል፣ መልስ ሚጠብቅ ነው ሚመስለው።

ባለፈው አመት ጥቅምት ነው ያረፈው። ከዛ በኋላ ቤታችን ዘፈን ሚባል አልተከፈተም። እማዬ በቃል ከልክላን አይደለም፣ ግን ቲቪ ላይ ዜናው አልቆ ማስታወቂያ ሲጀምር ሙዚቃዋ ገና «ጢን» ስትል ሪሞቱ ላይ ትደርሳለች። ግንቦት ላይ ጎረቤት ልጃቸውን ሲድሩ ሁለት ሽማግሌ መጥተው «እትዬ ካላስከፋንዎ ትንሽ ሙዚቃ…» ብለው አስፈቅደዋታል፣ እሷም ልጃችን አይደለች እንዴ ጨፍሩ እንጂ ብላ መርቃ ሸኘቻቸው፣ ከዛ መስኮቱን ዘግታ በጊዜ ተኛች። እኔ ስራ ስሄድ ታክሲ ውስጥ በኢርፎን እሰማ ነበር፣ ሰፈር ስደርስ ከጆሮዬ ነቅዬ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ፣ ሌባ የሆንኩ ነው ሚመስለኝ።

እሱ እኮ ዘፈን ሳይከፈት ጫማውን ማያስር ሰው ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 የፋሲካ ለት ሲያርፍ ቤታችን የሆነውን አልረሳውም፣ ሁለት ወር ጾሞ የጠበቃት ዶሮ ድስቷ ውስጥ ቀረች፣ ቀብሩ ቅድስት ሥላሴ ሲፈጸም በቲቪ እየተላለፈ አባዬ ሳሎን መሃል ቆሞ ነው ያየው፣ ቁጭ በል ብትለው እማዬ «ሰው እየተቀበረ?» አላት።

እና ቅዳሜ ሙት አመቱ ነበር። ጠዋት ቤተክርስቲያን ደርሰን፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲበታተን እማዬ ጥቁሯን አወለቀችና ነጠላዋን ለብሳ «ያ አባታችሁ ሚሄድበት ስጋ ቤት አሁንም አለ?» አለች። እኔና ወንድሜ ተያየን፣ እማዬ እኮ እዛ ቤት ሄዳ አታውቅም፣ በህይወት እያለ «ደሞዝህን ምታራግፍበት» ነበር ምትላት። ቀኑን ሙሉ በልተን ጠግበናል ግን ማን እምቢ ይላል።

ስንገባ ባለቤቱ ወንድሜን አየና ቆመ፣ በጣም ነው አባዬን ሚመስለው፣ ከዛ እማዬን ሲያይ ገባው፣ ጥቁር ጨርቅ ከመሳቢያ አወጣ መሰለኝ ብዬ ደንግጬ ነበር፣ ፎጣ ኖሯል፣ እጁን ጠርጎ መጥቶ «እትዬ እግዜር ያጥናሽ፣ አልሰማሁም ነበር» አላት። ከዛ ሄዶ ቴፑን ዘጋው። ለክብራችን ነው መቼም፣ ግን ቤቱ ጭር አለ፣ ስጋ ሚቆረጥበት ጉማጅ ላይ የቢላው ድምጽ ብቻ ቀረ። ጥብሱ መጥቶ ግማሹን እስክንበላ ማንም አላወራም።

እማዬ ናት አስተናጋጇን የጠራቻት። «የኔ ልጅ፣ ያንን ነገር ክፈቱት እንጂ» አለች። ልጅቷ ባለቤቱን አየች፣ ባለቤቱ እኛን አየ። «ክፈተው ወንድሜ፣ አመቱ እኮ ወጣ» አለችው እማዬ።

ቁጥር አራትን ከተተው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ የድምጹ ጥራት ዜሮ ነው። ቺንጋው (ካሴቱን ሚያዞረው ጎማ) ላልቷል፣ ዘፋኙ ሁሉ ጉንፋን የያዘው ነው ሚመስለው፣ ቶሎ ቶሎ ሚባለው ዘፈን ዳገት እንደሚወጣ አይሱዙ እያቃሰተ ነው ሚሄደው። ካሴቱን ሚያነበውን ሄድ እንኳን በአልኮልና በጥጥ ቢያጸዱት ግማሽ ይስተካከል ነበር፣ አባዬ ጋቢና ውስጥ ሁሌ ሚያደርገው እሱን ነው፣ አባይ በረሃ ስንወርድ በሙቀቱ ካሴቱ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ጎሃ ጽዮን ላይ ማጽዳት ነበረብኝ ይል ነበር። ባለቤቱ ይሄን ካነበበ እባክህ ቺንጋ ግዛ፣ መርካቶ አይጠፋም።

ከአባዬ ጋር አንድ ጨዋታ ነበረን። ዘፈን ሲጀምር ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ቅኝቱን (ዘፈኑ ሚሄድባቸውን ድምጾች አደራደር) መናገር፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይ አንቺ ሆዬ። የተሸነፈ ቡና ይከፍላል (እኔ ልጅ ሆኜ ሚሪንዳዬን ነበር ምነጠቀው)። አራቱም አምስት አምስት ድምጽ ናቸው፣ ልዩነቱ ድምጾቹ ምን ያህል ተራርቀው እንደተቀመጡ ነው። ለኔ እንዲህ ብሎ ነው ያስተማረኝ፣ መሪውን በጣቱ እየመታ፣ «ትዝታ ሜዳ ላይ ነው ሚሄደው፣ አንቺ ሆዬ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ጎረቤቱን ይነካል፣ ከዛ ይዘላል»። ትምህርት ቤት ያልሄደበት ነገር ነው ግን ሙዚቃ ያጠና ጓደኛዬን ጠይቄው ልክ ነው አለኝ፣ አንቺ ሆዬ ላይ ሁለተኛው ድምጽ ከመጀመሪያው ግማሽ ቶን (በጣም ትንሽ እርምጃ) ብቻ ነው ሚርቀው። አምባሰልም እንደዛው ይጀምራል፣ ለዛ ነው ሁሌ በሁለቱ ምሳሳተው። ወንድሜ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ትዝታ ነው ይላል፣ ከአራት አንዴ መቼም ይደርሳል።

ቅዳሜ ሁለት ዘፈን አለፉ፣ እኔ አንዱን አገኘሁ። ሶስተኛው ላይ ሳክስፎን ገባ። የጌታቸው መኩሪያ አነፋፍ መሆኑን ሁላችንም አወቅነው፣ ሽለላን በሳክስፎን የተነፈሰ ሰውዬ ሌላ ማን አለ፣ አባዬ «ይሄኮ እየነፋ አይደለም እየፎከረ ነው» ይል ነበር። ወንድሜ ትዝታ አለ። እኔ አምባሰል አልኩ። እማዬ፣ ሰላሳ ምናምን አመት «ዝጉልኝ ይሄን ጩኸት» ስትል የኖረችው እማዬ፣ ጎድኗን እየጋጠች «አንቺ ሆዬ ነው» አለች። ቀና ብላ እንኳን አላየችንም።

ችግሩ ዳኛው የለም። ሁሌ እሱ ነበር ሚፈርደው፣ እየተሸነፈም ቢሆን። ባለቤቱን ጠራነው፣ ቆሞ አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠና «ልጆቼ፣ እኔ ስጋ ነው ማውቀው» ብሎ ሄደ። ደሞ ህጉ ዘፋኙ እስኪገባ ነው፣ ይሄ ደግሞ ዘፋኝ የለውም፣ ሳክስፎኑ ሄደ ሄደ ሄደ እኛም ሶስታችንም አልለቅ አልን። ቺንጋው ስለላላ ደግሞ ድምጹ ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል፣ ማንም ማረጋገጥ አይችልም።

ስለ ሂሳቡ፣ ያላዘዝነው ሁለት አምቦ ውሃ ተደምሮ ነበር፣ ስንነግራቸው ሳይከራከሩ አወጡት፣ እናንተም ግን ቆጥራችሁ ክፈሉ። ሽንት ቤቱ መብራት የለውም፣ ስልካችሁን ይዛችሁ ግቡ። ከ11 ሰአት በኋላ ወደ አዲሱ ገበያ ታክሲ ይጠፋል፣ እኛ 40 ደቂቃ ብርድ ላይ ቆመናል። ልጆች ይዞ ለመሄድ ግቢው ሰፊ ነው፣ ስጋው አሪፍ ነው፣ እንጀራ ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱም አይቀየሟችሁም ብዬ እገምታለሁ።

ቡናው ሲመጣ ማን ይክፈል ተባለ። እኔና ወንድሜ ቦርሳ ስንፈልግ እማዬ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ባንኮኒው ጋ ሄዳ ከፍላ መጣች። ተሸንፌያለሁ ማለቷ ይሁን አይሁን አልጠየቅናትም።