ዘጌ ወይስ ግሽ ዓባይ?

ባሕር ዳር ለአንድ ቀን የሚመጣ ዘመድ «ወዴት ልሂድ?» ሲለኝ ሁለቱን አነሣለሁ። ዘጌ ቅርብ ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ። በጫካው ቡና ጥላ አልፎ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገባ የመቅደሱ ሥዕል ዓይን ይይዛል። ለቸኮለ ሰው ይበቃል።

እኔ ግን ልቤ ግሽ ዓባይ ያለችበት ሰከላ ነው። መንገዱ ያደክማል፤ ምንጯም ትንሽ ናት። ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የዓባይን መነሻ ፍለጋ ደርሰውባታል፤ ለአያቴ ግን ጸበል ናት። በባዶ ሆዷ ትጠመቅና ከአገልግሏ በሶ ታወጣለች፦ ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ሸክሽካ፣ ፈጭታ ያመጣችውን። በማር ለውሳ፣ በመዳፏ ጨብጣ ስትሰጠኝ የጣቶቿ ምልክት ጭብጦው ላይ ይቀራል። ዛሬም እኔ ስጨብጠው እንደ እሷ አይጠብቅልኝም።