ሲአይቲ የሚባለው የፖሊስ አገልግሎት፦ የአእምሮ ሕመም ላለበት ቤተሰብ

ሲአይቲ (Crisis Intervention Team) ማለት የአእምሮ ሕመም የተነሣበትን ሰው ለማረጋጋት የሠለጠነ የፖሊስ ቡድን ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አራቱ ለመጣልን ፖሊስ ናቸው፤ አንዱን የከለከልኩት አሠራሩን ነው።

የምንኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባይፖላር አለበት። መድኃኒቱን ሲያቋርጥ መጀመሪያ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ከዚያ ሰዎች የሚከታተሉት ይመስለዋል። ጠበሉንም ሐኪሙንም አንድ ላይ ይዘናል፤ በዚህ ቤታችን ውስጥ ክርክር የለም። ክርክሩ 911 ይደወል አይደወል የሚለው ላይ ነው። እማዬ "ፖሊስ ጠርቼ ልጄን ላስገድል?" ትላለች። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2018 ሪችመንድ ውስጥ ማርከስ ዴቪድ ፒተርስ የሚባል የ24 ዓመት የባዮሎጂ መምህር አእምሮው ታውኮ ራቁቱን፣ ባዶ እጁን መንገድ ላይ ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። በ2020 የወጣው፣ ለአእምሮ ቀውስ ጥሪ የጤና ባለሙያዎች እንዲደርሱ የታሰበው የቨርጂኒያ "ማርከስ አለርት" ሕግ የተሰየመው በእሱ ነው።

ሲአይቲ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ሞት ነው። በ1987 ሜምፊስ ውስጥ አንዲት እናት የ27 ዓመት ልጇ ጆሴፍ ዲዌይን ሮቢንሰን ራሱን በቢላ ሲቆራርጥ ድረሱልኝ ብላ ደወለች፤ የደረሱት ፖሊሶች ተኩሰው ገደሉት። ከተማው ተቆጣ፤ በዓመቱ፣ በ1988፣ የሜምፊስ ፖሊስ ከአእምሮ ጤና ባለሙያዎችና ከታማሚ ቤተሰቦች ጋር ሆኖ ይህን ቡድን አቋቋመ። ከፖሊስ በኩል የመራው ሜጀር ሳም ኮክራን ነበር። ሥልጠናው 40 ሰዓት ነው፤ አንድ የሥራ ሳምንት ማለት ነው። እኔ የወደድኩላቸው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ፖሊስ ወዶ ይግባ እንጂ ታዝዞ አይግባ ማለታቸው። ለምን እንዲህ እንዳሉ የገባኝ የእኛው ሰው ሲመጣ ነው።

ሌላ ከተማ ሳለን የመጡት ፖሊሶች ባትሪ ፊቱ ላይ አብርተው ሁለቱም በአንዴ ይጮኹበት ነበር፤ ወንድሜም ሮጦ አመለጣቸው። ይሄኛው ሳይረን ሳያሰማ መጣ፣ መኪናውንም ከበራችን ራቅ አድርጎ አቆመ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ረጅም ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ የጠየቀኝ "መቼ ነው መጨረሻ የተኛው? ምን ተብሎ ሲጠራ ደስ ይለዋል?" ብሎ ነው። ወንድሜ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ፖሊሱ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወርዶ ተቀመጠ፤ መዳፎቹ እንዲታዩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። አብሮት የመጣው ፖሊስ ከደረጃው በላይ ቀረ። ወንድሜ "በሬዲዮህ ስሜን እየጠሩ ነው" አለው። "ማንም አልጠራህም" ብሎ አልተከራከረውም። "ድምፁ እየረበሸህ ነው፣ ልቀንሰው" ብሎ ቀነሰው። ከዚያ ዝም አለ። በጣም ረጅም ዝምታ ነበር፤ እኔ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ውጬ ነው የማዳምጠው። ወንድሜ ሲናገር ይሰማዋል፣ የሰማውን በአጭሩ መልሶ ይነግረውና "ልክ ነኝ?" ይለዋል። ትንንሽ ነገር ያስመርጠዋል፦ ውሃ ትጠጣለህ? ጃኬትህን ትይዛለህ? ወንድሜ ጫማውን ራሱ አስሮ በእግሩ ወጣ።

እማዬንም አልረሳትም። ስልኩን አማርኛ አስተርጓሚ ላይ አድርጎ፣ ሊሆን ያለውን ሁሉ ከመሆኑ በፊት ነገራት። ያን ሌሊት ከተደረገልን ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው።

ኢመርጀንሲ ስንጠብቅ አባባ ፖሊሱን ከስንት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ እንዳለ ጠየቀው። ዕድሜውን ማለት ይቻላል። አካዳሚ ሲገባ መርማሪ መሆን ነበር የሚፈልገው፤ ሥልጠናውን ከወሰደ በኋላ ግን ከዚህ አልወጣም። ሹመት ከተቀበለ ከመንገድ ወደ ቢሮ ስለሚገባ አልፈለገም። ሠፈሩ ውስጥ የሚታወቁ ታማሚዎችን በስማቸው ያውቃቸዋል፣ ከተለቀቁ በኋላም እየደወለ ይጠይቃቸዋል። ለወንድሜም ደወለለት። አርባ ሰዓት የተማረ ፖሊስና ዕድሜውን የሰጠ ፖሊስ አንድ የምስክር ወረቀት ነው ያላቸው፤ ልዩነቱ ግን እዚያ ደረጃ ላይ የቆየበት ትዕግሥት ነው። ፖሊስ መምሪያዎች እንዲህ ያለውን ሰው ሹመት ሳይነፍጉት እዚያው መንገድ ላይ የሚያቆዩበት መላ ቢፈልጉ ምንኛ ጥሩ ነበር።

አሁን ስለጎደለው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሽተኛው በራሱ ፈቃድ ካልሄደ ፖሊስ ኢሲኦ በሚባል ትእዛዝ ይይዘዋል፤ ይህ ቢበዛ ለ8 ሰዓታት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የካውንቲው የአእምሮ ጤና ባለሙያ መርምሮ መተኛት አለበት ካለ፣ ማጅስትሬት የሚባለው የፍርድ ቤት ሹም ቲዲኦ የሚባለውን እስከ 72 ሰዓት የሚያስተኛ ትእዛዝ ይሰጣል። ሕጉ ይህ ነው፤ አልጋ መጠበቁ ግን አንጀት ይበላል። ያን ሁሉ ሰዓት ወንድሜ መብራት በማይጠፋበት ኮሪደር ላይ ነበር፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ካቴናውም አለ። ፖሊሱ አስቀድሞ አስረድቶት፣ ከፊት በኩል ነው ያሰረለት፤ ያም ሆኖ ጎረቤት እያየ የታመመ ልጅ በካቴና መውጣቱ እናትን ይሰብራል። ደንቡ ነው ተባልን። ደንቡ ይቀየር።

ክፍያን በተመለከተ ፖሊሱ አያስከፍልም፣ የሆስፒታሉ ቢል ግን ይመጣል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል የክፍያ እርዳታ ፖሊሲ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋልና ፎርሙን ራሳችሁ ጠይቁ።

ስትደውሉ መጀመሪያ "አምሃሪክ" በሉ፣ መስመሩ ላይ ጠብቁ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ቀጥሎ "የአእምሮ ሕመም ነው፣ ሲአይቲ ኦፊሰር ላኩልን" በሉ። መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለም ከሌለም በግልጽ ተናገሩ፤ የሚመጣው ሰው እጁን የት አድርጎ እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ነው። የሕመሙን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና ያቋረጠበትን ጊዜ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፣ በዚያ ሰዓት ጭንቅላት አይሠራም። በሁሉም ሺፍት ሲአይቲ የሠለጠነ ፖሊስ ላይኖር ይችላል፤ የለም ካሏችሁ ሱፐርቫይዘሩ እንዲመጣ ጠይቁ። ሕይወት ላይ የደረሰ አደጋ ከሌለ ደግሞ ከ911 በፊት ወደ 988፣ ወደ አእምሮ ቀውስ የእርዳታ መስመሩ፣ ደውሉ፣ ከ2022 ጀምሮ በዚያ አጭር ቁጥር ይሠራል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ሳይጨምሩ ባለሙያዎችን ብቻ ቤት ድረስ ሊልኩላችሁ ይችላሉ።