የወጥ ቤት ቆሻሻ፦ ጓሮ ውስጥ ኮምፖስት ወይስ ለሰብሳቢ ማኅበር?

ደብረ ብርሃን እየሰፋች ነው፤ ቆሻሻዋም እንዲሁ።

ወጪ፦ ለማኅበር ይከፈላል። ኮምፖስት፣ ማለትም ቆሻሻውን አብላልቶ ማዳበሪያ ማድረግ፣ ጉድጓድና ጉልበት ይበቃዋል።

ድካም፦ ማኅበር ይቀላል፣ ጆንያውን በር ላይ ማውጣት ነው። ኮምፖስት ግን የድንች ልጣጩንና የቡና አተላውን ከፌስታል መለየት፣ ገለባ መደባለቅ፣ ማገላበጥ ይፈልጋል፤ ከተማችን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ መብላላቱን ያዘገየዋል፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ስለዚህ ክምሩን ወፈር አድርጎ መሸፈን የግድ ነው።

ስጋት፦ ኮምፖስት ውስጥ ሥጋና ቅባት ከገባ አይጥ ይመጣል። ሳይለዩ ለማኅበር መስጠት ደግሞ ለአፈር የሚሆነውን ሁሉ ከፌስታል ጋር ያስቀብረዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ጓሮው ጎመን ላለው ኮምፖስት። ኮንዶሚኒየም ወይም ጠባብ ኪራይ ቤት ከሆነ ማኅበር፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ግን ለይታችሁ ለቆራሌው ስጡ።